ምቱ አልጠፋም፣ ተነቅቶበታል
የማርሻል አርት ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ቀበቶ ሲታጠብ ችሎታም አብሮ ይታጠባል የሚሉት እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እጠበው፤ አጠገብህ የሚሰለፉትም ይመርቁሃል።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድማችን አራት ገጽ ጽፎልኛል፤ ላሳጥረው። ቴኳንዶ ሰልጣኝ ነው። በአረንጓዴ ቀበቶ ዘመኑ የኋላ እግሩን አዙሮ ደረት ሲመታ የሚመክትለት አልነበረም። ቀይ ቀበቶ ከታጠቀ ወዲህ ግን ያው ምት አየር ይቀዝፋል። «እግሬ ደከመ መሰለኝ፤ በቀን 500 ጊዜ ልለማመደው?» ይላል።

መልስ፦ ተው ወንድሜ። እግርህ አልደከመም፤ ተነቅቶብህ ነው። ከእነዚያው ጓደኞችህ ጋር ሦስት ዓመት ተፋልመሃል። በአንድ ምት ደጋግሞ የተመታ ሰው ይማራል።

እኔም ደርሶብኛል። አብሮኝ የሚፋለም አንድ ልጅ ገና ሳልነሳ እየሸሸ አስቸገረኝ። ሻይ ጋብዤ ሚስጥሩን ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ልትመታ ስትል የኋላ ተረከዝህ ቀድሞ ይነሳል፤ ቀኝ እጅህም ወደ ጭንህ ይወርዳል» አለኝ። ተረከዜ ከምንጣፉ የሚለቀው የጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም። እኔ ለዓመታት አላየሁትም፤ እሱ ግን ሌላ የሚያየው አልነበረውም። 500 ጊዜ ብትለማመድ ያንኑ ተረከዝ 500 ጊዜ ታለማምደዋለህ።

መጀመሪያ በሽታውን ለይ። አሰልጣኝህን አስፈቅደህ ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ተፋለም። እዚያ ከሠራልህ ችግሩ የጓደኞችህ ማወቅ ብቻ ነው። እዚያም ካልሠራ ርቀትህን ተመልከት፦ አረንጓዴ ቀበቶ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ቀይ ቀበቶ ግማሽ እርምጃ ያፈገፍጋል። በስልክ ከጎን አስቀርጽና ከምቱ በፊት ምንህ እንደሚንቀሳቀስ እይ።

ምቱን ግን አትጣለው። እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት የመሠረተው የጁዶ አባት ጂጎሮ ካኖ የሚወደው አጣጣል በዳሌ የሚሠራው ኡኪ ጎሺ ነበር። ሺሮ ሳይጎ የተባለው ተማሪው የካኖን ዳሌ ዘሎ ማምለጥ ለመደ ይባላል። ካኖ ታዲያ ዳሌውን እንደ ልማዱ አስገብቶ፣ የሚዘለውን እግር በራሱ እግር ጠረገው። ሃራይ ጎሺ የሚባለው አጣጣል የተወለደው እንዲህ ነው። መምህሩን ያስቸገረ ተማሪ መሆኑን ልብ በል፤ እኔ እንዲህ ያለ ተማሪ ባገኝ ደስ ይለኛል።

አንተም ሆን ብለህ ተረከዝህን አንሳ። ባላጋራህ ሲያፈገፍግ ምቱን አትጨርሰው፤ እግርህን ፊት ለፊት አሳርፈህ በሌላው ተከተለው። ወይም ደረቱን ሊሸፍን እጁን ሲያወርድ ወደ ጭንቅላት ውጣ፤ በውድድር የደረት ምት 2 ነጥብ፣ የጭንቅላት ደግሞ 3 ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸወደ ተረከዝህን ማመን ይተዋል። አሮጌውን ምት ያን ጊዜ ላክለት።

ጥያቄ፦ አንዲት እህታችን የውድድር ቀን ሆዷ እንደሚረበሽ ጽፋለች።

መልስ፦ የማይረበሽበት ተወዳዳሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቁርስሽን ቀደም ብለሽ ብዪ፤ ከባሰብሽ ባለሙያ ማማከር ነው።

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት የካራቴ ሰው ናቸው። የፊት ምታቸው እንደ ድሮው አልሆነላቸውም። ጉልበታቸው አንዳንዴ ታጥፎ ይቆለፋል፤ በማግስቱም ያብጣል። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቷቸዋል። ምቱን የሚመልስ ልምምድ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ልምምድ አልሰጥዎትም። የሚቆለፍና የሚያብጥ ጉልበት ውስጥ ልም አጥንቱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በመታሸት አይጠገንም። ወጌሻውን ያክብሩት፣ ግን ይተዉት። በዚህ ሳምንት የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ እስከዚያ አይምቱ፣ አይንበርከኩ፣ «ትንሽ ልሞክረው» አይበሉ። ሐኪሙ ያለዎትን ሲጽፉልኝ ስለ ምቱ እናወራለን።