ውሃው በተቀየረ ቁጥር መልሶ አረንጓዴ ለሚሆን የጓሮ ኩሬ

ዓለም ገና ከተማ በጓሯቸው ኩሬ ያስቆፈሩት እህታችን፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ቢቀይሩትም በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ አረንጓዴ እንደሚሆንባቸው፣ ጎረቤትም በረኪና እንዲጨምሩበት እንደመከራቸው ጽፈዋል። እኔም እዚሁ ሰበታ ኩሬ ስላለኝ ያየሁትን ልንገርዎ።

በረኪናውን እባክዎ ይተዉት። ዓሣውን ይገድላል፤ በድንጋዩና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ውሃውን የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎችም ይፈጃል። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ (ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት) በአንድ ጊዜ ቢሞት እንኳ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው የተረፉት ዓሦች ሊታፈኑ ይችላሉ።

ውሃውን በሙሉ መቀየርም መፍትሔ አይሆንም። አልጌ ብርሃንና ምግብ ካገኘ ይራባል። ምግቡ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲሆን፣ የሚመጣውም ከዓሣው ኩስ፣ ተርፎ ከሚበሰብስ መኖ፣ ከረገፈ ቅጠልና ከደለል ነው። ውሃው ሲቀየር ደለሉ ከታች ይቀራል፤ ምግቡን የሚሻማው ሌላ ተክል ከሌለ አዲሱ ውሃ ለአልጌ የታረሰ ማሳ ነው።

ስለዚህ ተሻሚ ያስገቡለት። የውሃ አበባ ቅጠል ከኩሬው ፊት ግማሹን ወይም ጥቂት ከፍ ያለውን ቢሸፍን ብርሃኑን ይቀንሳል። ዳር ዳሩን ደንገል ወይም ፊላ ይትከሉ፤ ግን በባልዲ ውስጥ ይሁን፤ ፊላ ሥሩ ከተለቀቀ ኩሬውን ጠቅልሎ ይይዛል። አፈሩ ፍግ ያልነካው ይሁን፤ ከላዩም ጠጠር ይልበስ። እንቦጭን ግን፣ ምግብ በመሳብ ብርቱ ቢሆንም፣ በፍጹም አያስገቡ። ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ደግሞ መድረሻው አዋሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አጨዳውን ነው። ተክሉ የሳበው ምግብ ከኩሬው የሚወጣው ተክሉ ታጭዶ ሲወጣ ብቻ ነው። የውሃ አበባ ቅጠል ሲያረጅ ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል፤ አገዳውን በሁለት ጣት ሲይዙት መልፈስፈስ ጀምሯል። ያኔ እጅዎን ወደ ውሃው ሰድደው በተቻለ መጠን ከሥሩ አጠገብ ይቁረጡት። ከዘገዩ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ይሰምጥና የሳበውን ሁሉ ለውሃው ይመልሳል። እኔ ያጨድኩትን ከደረቅ ሣር ጋር ከምሬ አበሰብስና ለጎመን እሰጠዋለሁ፤ ከሥር የምቀዳው ደለልም እዚያው መደብ ላይ ይፈስሳል። ጎመኑ በጣም ይወደዋል።

ክረምት ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል። ኩሬው ከአትክልቱ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ ዝናቡ ዩሪያውንና ዳፑን ጠርጎ ያገባበታል፤ ከበላዩ ቦይ ይቅደዱ። ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ቅጠሉ እንዳይገባ መረብ ይዘርጉ፤ በብዛት ሲበሰብስ ኦክስጅን ይሻማል፣ የሚለቀውም ነገር ዓሣ ይጎዳል።

መኖውን በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጡ። ዓሣዎ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከሆነ ብርድ አይወድም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ወራት መብላቱ ስለሚቀንስ እጅዎን ይሰብስቡ።

ለመለኪያ ነጭ የስኒ ማስቀመጫ በገመድ አስረው ወደ ውሃው ያውርዱ። አንድ ስንዝር ሳይሞላ ከዓይን ከተሰወረ አልጌው በዝቷል፤ ሌሊት እሱም ኦክስጅን ስለሚወስድ ዓሦቹ ጎሕ ሲቀድ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ሊያለከልኩ ይችላሉ። መኖውን ያቁሙና ከውሃው አንድ አምስተኛውን ብቻ ይቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አፉን በከፈቱት በርሜል አንድ ቀን ያሳድሩት። ከስንዝር በታችም የሚታይ ከሆነ ግን አይጨነቁ፤ ቀለል ያለ አረንጓዴነት ለዓሣ ጤና ነው።

ተክሎቹ ሥር እስኪሰድዱ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ እስከዚያ ውሃው አረንጓዴ እንደሆነ ቢቆይ ተስፋ ቆርጠው ሁሉንም አይድፉት። የኩሬዎን ጥልቀት፣ የዓሦቹን ብዛትና በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ቢጽፉልን ስንት ባልዲ ተክል እንደሚበቃው አብረን እናሰላለን።