ካሜራው በበርጩማ ከፍታ

ለጅማ ወጣት ፊልም ሠሪዎች፣

የምትልኩልኝን ድርሰቶች አነባለሁ። ሰዎቻችሁ ይፋቀራሉ፣ ይካካዳሉ፣ በመኪና ይሳደዳሉ፤ ሲበሉ ግን እምብዛም አይታዩም። ቢበሉም ሆቴል ውስጥ ነው፣ ሳህኑም ሳይነካ ይነሳል።

ቤተሰብን ማሳየት የፈለገ ሰው ከማዕድ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። የእጅ ውኃው መጀመሪያ ለማን ይፈስሳል? እናት የምትቀመጠው መቼ ነው? በእኛ ቤት አባቴ መቆጣቱን የምናውቀው በንግግሩ አልነበረም፤ ከፊቱ ያለውን ሥጋ እንደ ልማዱ ወደ እኛ ሳይገፋ ሲቀር ነው። እናቴ ይህን አይታ ወጥ ትጨምርለታለች፤ እሱም ቀና ሳይል ይበላል። ይህን በንግግር ልጻፈው ብትሉ ሦስት ገጽ ይፈጃል።

ጀማሪ ቀራጭ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ይቀርጻል፤ ስለዚህ የምናየው የተመጋቢዎቹን አናት ነው። በየቤታችሁ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለ አይደል? እሱ ላይ ተቀምጣችሁ ቅረጹ፤ ሌንሱ ከሚበላው ሰው ዓይን ጋር ይስተካከላል። ቡና ሲቆላ ደግሞ ከጭሱ ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ከጀርባው በበር የሚገባ ብርሃን ይኑር፤ ያለዚያ ጭሱ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል። ከመቁላቱ ዘልላችሁ ወደ መቅዳቱ አትሂዱ። ከባድ የቤተሰብ ጉዳይ አቦል ላይ አይነሳም፤ ቶና እስኪደርስ ሰው ስለ ዝናብና ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። ያ መዘግየት ለተዋናይ ትልቅ ሀብት ነው።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የመብል ትዕይንት ሲደጋገም ተዋናዩ ይጠግባል፤ የጠገበ ሰው ደግሞ የራበው መምሰል አይችልም። ስለዚህ የፊቱን የቅርብ ምስል አስቀድሙ፤ እንጀራው ከየት በኩል እንደተቆረሰም በየድግግሞሹ ፎቶ አንሡ።

ከቤት የሚወረስ ነገር አለ። በ1938 ዓ.ም. ጎንደር የተወለዱት የፊልም ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። የእናንተ አባት ቡና ነጋዴ ወይም ሹፌር ቢሆን ያወረሳችሁ ያነሰ አይምሰላችሁ፤ ዕቃ ሲያወርድና ሒሳብ ሲከራከር ያያችሁት ሁሉ የተዋናይ እንቅስቃሴ ነው።

የቀረጻ ቡድናችሁም ቤተሰብ ነውና ምግቡን ሹፌሩ ላይ አትጣሉት። ጅማ ላይ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይቀርባል፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ። በረመዳን ደግሞ ዳይሬክተር ሁሉ የሚመኘው የምሽት ብርሃን የሚመጣው ጾመኛው እጅግ በደከመበት ሰዓት ነው፤ ብርሃኑም ቢያምር ለዚያ ወር ቀረጻውን ወደ ማለዳ አዙሩት፤ የማለዳው ብርሃንም አያንስም። በጀት ጠበበ የምትሉኝ ከሆነም፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ሽሮ ሁሉንም በአንድ መሶብ ያስቀምጣል፤ ድምፅ ቀጂው ቢያጉረመርምም።