ምንጭ አጠቃቀስ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሩ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስለ ምንጭ አጠቃቀስ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙት ኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የምንጭ አጠቃቀስ መመሪያ) ሰባተኛ እትምን ስለሆነ እኔም በሱ እሄዳለሁ። ዲፓርትመንታችሁ የራሱ መመሪያ ካለው ግን የኔን ትታችሁ እሱን ተከተሉ።

አንድ ሙሉ አንቀጽ ከአንድ ጽሑፍ ወስጄ በራሴ ቃል ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ አንዴ ስሙን ብጠቅስ አይበቃም? (የሶሻል ወርክ ተማሪ)

አይበቃም። ቅንፉ የሚመለከተው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመስላል። የላይኞቹ ያንቺ ይሆናሉ። ስሙን መጀመሪያ ላይ አምጪው፦ «አበበ (2015) እንደሚለው…»። ከዚያ «በዚሁ ጥናት»፣ «አክሎም» እያልሽ ቀጥዪ። አንባቢው ካልተደናገረ በየዓረፍተ ነገሩ ቅንፍ መደርደር የለብሽም። የራስሽ ሐሳብ ሲጀምር ግን በግልጽ ይለይ። «ከዚህ መረዳት የሚቻለው» የምትለዋ ሐረግ የማን እንደሆነች ብዙ ጊዜ አትታወቅም፤ ተጠንቀቂያት።

ጋሼ፣ የባሕሩ ዘውዴን መጽሐፍ ጠቅሼ ነበር። አማካሪዬ «ዘውዴ ብለህ ጻፍ» አለኝ። ሌላ መምህር ደግሞ «ባሕሩ በል» ይላል። የቱን ልስማ?

ሁለተኛውን። ዘውዴ የአባት ስም ነው እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በአባቱ ስም ብቻ ከጠቀስክ መጽሐፉን ለአባትየው ሰጠኸው ማለት ነው። በኢትዮጵያ ጥናት የቆየው ልማድ በራስ ስም መጥራትና መደርደር ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ (ባሕሩ ዘውዴ፣ 1991) ትላለህ፤ መጨረሻ ላይ ባለው የምንጮች ዝርዝርም ሳትገለብጥ፣ ስሙን ወደ አንድ ፊደል ሳታሳጥር፣ በ«ባ» ስር ታስገባዋለህ።

ችግሩ የሚመጣው ከማሽኑ ነው። ጉግል ስኮላር ላይ ጥቅሱን ኮፒ ስታደርግ «ዘውዴ፣ ባ.» ብሎ ይሰጥሃል። ምንጮችን የሚያደራጅልህ ፕሮግራም፣ ዞቴሮም፣ እንደዚያው ይገለብጠዋል። ዞቴሮ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ነክተህ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ አይገለብጠውም።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ጆርናል ላይ የወጣ ኢትዮጵያዊ ራሱ በአባቱ ስም ተጠቅሶ ካሳተመ፣ እንደታተመው ተወው። አለበለዚያ አንባቢህ ፈልጎ አያገኘውም። ብቻ አንድን ሰው ገጽ 12 ላይ በራሱ ስም፣ ገጽ 40 ላይ በአባቱ ስም እንዳትጠራው። ፈታኞች ሁለት ሰው ይመስላቸዋል፤ አንዳንዴ አንተም ሁለት ሰው ይመስልሃል።

የአማርኛ መጽሐፉ 1999 ዓ.ም. ይላል። ቴሲሴ በእንግሊዝኛ ነው። ምን ልጻፍ?

ዝም ብለህ 1999 ካልክ አንባቢው ፈረንጅኛውን ነው የሚያየው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰድከው። የሕዝብና ቤት ቆጠራውን ብታይ፣ በኛ ግንቦት 1999፣ በነሱ 2007 ነው። ወሩን ካወቅህ ቀይር፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ትደምራለህ፣ ከዚያ በኋላ 8። ወሩን ካላወቅህ የታተመውን ዓመት «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ከሚል ምልክት ጋር አስቀምጥና ከጎኑ 2006/07 በል። የመረጥከውን መንገድ መግቢያህ ላይ በአንድ መስመር ግለጽ።

ዋናውን መጽሐፍ አላገኘሁም። ሌላ ሰው ጠቅሶት አየሁ። ዋናውን እንዳነበብኩት አድርጌ ብጠቅስስ?

ተው። የሲኒየር ኢሴይ ትልቁ ውሸት የሚሠራው እዚህ ጋ ነው፤ ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም አይናገርም። ከበደ የአበበን ሐሳብ ጠቅሶ አንተ ያየኸው ከበደን ብቻ ከሆነ «(አበበ፣ 1998፤ በከበደ፣ 2014 እንደተጠቀሰው)» በል። ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ከበደ ብቻ ነው። ከበደ አሳስቶ ከጠቀሰ ስሕተቱ የሱ ይሆናል። ዝም ብለህ ከወሰድከው ግን የገጹ ቁጥር ስሕተት ሳይቀር ወዳንተ ይተላለፋል፤ መጽሐፉን የሚያውቅ ፈታኝ ካለ እዚያው ይይዝሃል።

አዋጅ በገጽ ነው የሚጠቀሰው? (የሕግ ሳይሆን የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ)

በአንቀጽ ነው። «የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 35» ብትይ ማንም ያገኘዋል። ከመጥቀስሽ በፊት ግን ሕጉ አለመሻሩን አረጋግጪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 በ1156/2011 ተተክቷል፤ አሮጌውን ከድሮ ቴሲስ እየገለበጡ እስካሁን የሚጠቅሱ አሉ። እንግሊዝኛው ላይ 1156/2019 ብታዪ ደግሞ ያው ነው፣ አትደናገጪ።

ቃለ መጠይቅ ያደረግኋቸውን ሰዎችስ?

የጥናትሽ ተሳታፊዎች ከሆኑ ማንነታቸውን ደብቀሽ «ተሳታፊ 3» እያልሽ ትጠቅሻለሽ፤ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ታሪክ ክፍል ከሆንሽ ልማዱ ሌላ ነው፦ የተረኩልሽ አባቶች ስም፣ ዕድሜና ቦታ በፈቃዳቸው መጨረሻ ላይ በሠንጠረዥ ይገባል።

ሦስት ደራሲ ካለ ሁሉም ይጻፍ?

አይ። ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የፊተኛው ስምና «እና ሌሎች»።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ራሴ ተርጉሜ ካስገባሁት ቱርኒቲን (የጽሑፍ መመሳሰል መፈተሻው ፕሮግራም) አይይዘውም አይደል?

ምናልባት አይይዘውም። ስርቆት መሆኑ ግን አልቀረም፣ ወንድሜ። ጥቀሰው። ኤፒኤ ራስህ የተረጎምከውን እንደ ፓራፍሬዝ (በራስ ቃል እንደተጻፈ ሐሳብ) ስለሚቆጥረው ትእምርተ ጥቅስ እንኳ አይጠይቅህም፤ ስምና ዓመት ብቻ ነው። በተረፈ የቱርኒቲን ፐርሰንት የሚያሳየው መመሳሰልን ነው። በአግባቡ የጠቀስከው ጥቅስም ቀለም ሊቀባ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትደንግጥ፣ አትኩራም።

ቻትጂፒቲ የሰጠኝን ሪፈረንስ ልጠቀም?

እያንዳንዱን ሳታጣራ አንድም እንዳትጠቀሚ። የሌለ ጽሑፍ ከነጆርናሉና ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣል፤ ደራሲው እውነተኛ ሰው መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ርዕሱን ጉግል ስኮላር ላይ ፈልጊ፣ ዲኦአይ ቁጥሩን (የጽሑፉን ቋሚ የኢንተርኔት መለያ) ከፍተሽ እዪ፣ ጽሑፉን አውርደሽ ያልሽው ነገር ውስጡ መኖሩን አንብቢ። ካላገኘሽው ከዝርዝሩ ሰርዢው፤ በሱ ላይ የቆመውን ዓረፍተ ነገርም አብረሽ አውጪ።