ከቡና ፔርሙዝ ውስጥ ያገኘኋት ቱቦ

ባለፈው ሳምንት አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ «ጋሼ፣ ከዲኤንኤ የሚሠራ ኮምፒውተር የሲሊከኑን ይተካል? ትምህርቴን ወደ ባዮሎጂ ልቀይር?» ብሎ ጠየቀኝ። አይተካም፣ አትቀይር አልኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበርኩ፤ እሷ ለልምምድ የመጣች ተማሪ። ተመራማሪው ፖል ሮትመንድ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ረጅም የቫይረስ ዲኤንኤ ከ200 በላይ በሆኑ አጫጭር ክሮች አጣጥፎ ፈገግ ያለ ፊት መሥራቱን አንብባ ልቧ ተነጥቋል። ለዚያ አቅም ስለሌላት በአራት ክሮች ብቻ፣ የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ኔድ ሲማን የጀመረበትን ባለ አራት ክንፍ መጋጠሚያ ልትሠራ አሰበች። አንድ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቀይ የቡና ፔርሙዝ ተቀምጧል። ብከፍተው ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥፍር የምታህል ቱቦ ትንሳፈፋለች።

«የፒሲአር ማሽኑን እንዳልይዝባችሁ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ናሙና የሚያሞቀውንና የሚያበርደውን ማሽን ማለቷ ነው። ክሮቹ በፈላ ውሃ ይላቀቃሉ፤ ውሃው ቀስ እያለ ሲበርድ የዲኤንኤ «ፊደላት»፣ አዴኒን ከታይሚን፣ ሳይቶሲን ከጓኒን እየተፈላለገ ራሳቸው ይጋጠማሉ፤ ቶሎ ከበረደ ያገኙትን ይይዛሉ። ፔርሙዙ ሌሊቱን ሙሉ ያዘግመዋል፣ መብራት ቢጠፋም አይጎዳውም። አስረድታኝ ሳትጨርስ «እዚህ የታካሚ ናሙና ነው የሚሠራው!» ብዬ ውሃውን ደፋሁት፣ ቱቦዋን ጣልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ፔርሙዙን አጥባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቡና ዕቃ ላብ ውስጥ አይገባም፤ ዛሬም እንዲያው እላለሁ። ግን ለምን አንድ ጥግ አልሰጠኋትም?

ልጄ፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሊዮናርድ አድልማን እ.ኤ.አ. በ1994 ሰባት ነጥቦችን የሚያዳርስ መንገድ በዲኤንኤ ሲፈልግ የላብ ሥራው ሰባት ቀን ፈጅቷል። በ2011 ሉሉ ቺያንና ኤሪክ ዊንፍሪ ከ130 ክሮች የሠሩት ሰርኪዩት ለአንድ ስኩዌር ሩት ሰዓታት ይፈልጋል። በ2019 ደግሞ 355 ዓይነት የዲኤንኤ ጡቦች እየተገጣጠሙ የስድስት ቢት ስሌት ሠርተዋል። በፍጥነት ስልክህን አይደርሱበትም። ተስፋዬ ቺፕ በማይገባበት ቦታ፣ ሴል ውስጥ ነው፤ እዚያ በሽታን ለይቶ መድኃኒት የሚለቅ ስሌት ያስፈልገናል። የዛሬ ልጆች «ይተካል ወይ፣ ያበላል ወይ» ማለት ታበዛላችሁ፤ እሷ እንዲህ ብላ አልጠየቀችም። አትቀይር ብዬህ ነበር፤ እኔ በአንተ ዕድሜ ብሆን ግን እቀይር ነበር።

አራቱ ክሮች ተጋጥመው ቢሆን ዲኤንኤን በመጠን በሚለየው ጄል ላይ መስመራቸው (ባንዳቸው) ከነጠላዎቹ በላይ ይቀር ነበር። ጄል ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ያንን ባንድ ይፈልጋል።