ውጅግራው እውነተኛ ነው ወይስ ቅጂ?

ጥያቄ፦ ከአባቴ አያት የወረስነው ረጅም ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ቤተሰቡ «ውጅግራ ነው፤ ዓድዋ ዘምቷል» ይላል። አንድ ዘመዳችን ግን የጥይት ካዝና ስለሌለው ለጌጥ የተሠራ ቅጂ ነው ብሎ ይከራከራል። በምን እንለየው? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ብናስለቅቀው ምን ይላሉ?

መልስ፦ እባክዎ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አያስነኩት! ምክንያቱን እነግርዎታለሁ።

የካዝናው ነገር ዘመድዎን አሳስቷቸዋል። ውጅግራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ1874ቱ «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ሲሠራም ካዝና አልነበረውም። ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ማቀባበያውን ስቦ ቀለሁን ያወጣል፤ ሌላ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በእጁ ያጎርሳል። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌበል የተባለ ጠመንጃ ሲቀበል አሮጌው ጠመንጃ ለገበያ ወጣ። ብዙ ውጅግራም ወደ አገራችን ገብቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰልፏል።

አሁን ወደ እርስዎ ጠመንጃ እንሂድ። አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩ ማቀባበያውን ይሳቡና ጥይት አለመጉረሱን ያረጋግጡ። ከዚያ ማግኔት ያስጠጉ። ለጌጥ የሚሸጡ ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ ከዚንክ ቅልቅል ስለሚቀለጡ ማግኔት አይስባቸውም። ቢስበውም ግን በዚያ ብቻ አይወስኑ፤ በአፈሙዙ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። በእውነተኛው ውስጥ አራት ጠመዝማዛ ቦዮች ወደ ግራ እየዞሩ ይወርዳሉ። ዝገት ሊሸፍናቸው ይችላል፤ የጌጥ ቅጂ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ልሙጥ ነው ወይ ጭራሽ ድፍን ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ጽሑፉን ነው። ማቀባበያው በሚንሸራተትበት ብረት በግራ ጎን የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን፣ ከሥሩም 1874 የሚል ቁጥር ይኖራል። 1866-74 የሚል ካገኙ ደስ ይበልዎ፤ ያ ጠመንጃ መጀመሪያ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚተኩስ ሻስፖ ነበር፤ በኋላ ለናስ ቀለህ ተለውጧል ማለት ነው። የተሠራበትን ዓመት በርሜሉ ላይ ይፈልጉ። ሰደፉ በቀኝ በኩል ደግሞ እንጨቱ ላይ የታተመ ክብ ማኅተም አለው። ይህ ማኅተም ስስ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ጊዜ ቢመላለስበት ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ብረቱን በለስላሳ ጨርቅና በቀጭን የመሣሪያ ዘይት ብቻ ይጥረጉ፤ እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ።

ጽሑፉ የት እንደተሠራ ይነግርዎታል እንጂ ዓድዋ መዝመቱን አይመሰክርም። ለዚያ የቤተሰቡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ማን ከማን እንደተቀበለው ዛሬውኑ ጠይቀው በጽሑፍ ያስቀምጡ። እውነተኛ ሆኖ ከተገኘም አርጅቷል ብለው አይተዉት፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ፣ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ በአካባቢዎ ፖሊስ ጣቢያ ይጠይቁ።