ላሚቱ ቢራ ጠጥታለች ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሐዋሳ፣ ቱላ አካባቢ ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ አልቀመስ ሲል የቢራ ፋብሪካ አተላ መስጠት ጀመርኩ። ወተቱ ጨመረ። ግን አንዲት ደንበኛዬ «ቢራ የምትጠጣ ላም ወተት ለልጄ አልሰጥም» ብላ ቀረች። ደግሞ በሦስተኛው ቀን እየሻገተ እየደፋሁት ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የስሙ ነው። እኛ አተላ ስንባል ትዝ የሚለን የጠላ አተላ ነው። ጠላ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንኩሮው ሁሉ አንድ ጋን ውስጥ አብሮ ፈልቶ፣ ተጠልሎ ሲያልቅ ነው ከታች አተላው የሚቀረው። ስለዚህ አልኮልም አለበት፣ እርሾም አለበት፤ እሱን የጠገበች ላም ብትንገዳገድ አልፈርድባትም። ፋብሪካ ግን ገለባውን የሚያወጣው ገና በጠዋቱ ነው። የተከካ የገብስ ብቅል 65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ስታርቹ ስኳር ይሆናል፣ ጣፋጩ ውሃ ተጠልሎ ይሄዳል፣ ገለባው እዚያው ይቀራል። ሆፕስ፣ የፋብሪካው ጌሾ በይው፣ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ፣ ያ ጣፋጭ ውሃ ሲፈላ ነው። እርሾ ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ። ያንቺ አተላ ያ ገለባ ነው፣ እርሾ ከመግባቱ በፊት የወጣ፤ ትኩስ ከሆነ አልኮል የለበትም። አንድ ነገር ግን ስትገዢ ጠይቂ፦ አንዳንዴ የተረፈ እርሾ ይቀላቀልበታል፣ ያልሞተ እርሾ ደግሞ የላም ሆድ ይነፋል።

ወተቱ የጨመረው በዋዛ አይደለም። ስኳሩ ሲሄድ ፕሮቲኑና አሰሩ ይቀራል፤ ደረቁ ቢመዘን ከ20 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲን ነው። ችግሩ ውሃው ነው! አንድ ኩንታል እርጥብ አተላ ስትገዢ ከ75 እስከ 80 ኪሎው ውሃ ነው፣ የቀረው 20 ምናምን ኪሎ ነው መኖ የሚባለው። የጋሪ ሒሳብሽን በዚያ አስቢ። ለአንድ ላም በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይበቃታል፣ እሱም በአንዴ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ ነው የምታደርሺው። ጭድ ወይም ድርቆሽ አይቅር። ፎስፈረስ ሲኖረው ካልሲየሙ ግን ትንሽ ስለሆነ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ጨው ጣል አድርጊበት።

ሻጋታውን በተመለከተ፣ የሐዋሳ ሙቀት አይምርም። ጠላቱ አየር ነው። በመጣበት ቀን ውሃው ይንጠፍ፣ ትንሽ ፉርሽካ ቀላቅለሽ በርሜል ውስጥ ንብርብር በንብርብር እየረገጥሽ ጠቅጥቂው፣ ከላይ በላስቲክ ሸፍነሽ ድንጋይ ጫኚበት። ሦስት ሳምንት ሳትነኪው ቆይቶ ሲከፈት ጎምዘዝ ያለ፣ ደስ የሚል ሽታ ካለው ተሳክቶልሻል። ከተከፈተ በኋላ በየቀኑ ከላዩ በኩል እያነሳሽ መልሰሽ ክደኚው። የሻገተውን ግን ከላይ ጠርጌ ልስጥ እንዳትዪ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። ደንበኛሽ መፍራት ካለባት ቢራውን ሳይሆን ይሄንን ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ከዚሁ አተላ ዳቦ ይወጣዋል ወይ?

መልስ፦ ይወጣዋል፣ ግን ለከብት በክፍት መኪና ከሚመጣው አይደለም። ለሰው የሚሆነው በንጹሕ ዕቃ ከመጥመቂያው በቀጥታ መቀበል አለበት። በዚያው ቀን ይደርቅ፤ ዳቦ ካወጣህ በኋላ የሚቀረው የምድጃ ሙቀት ይጠቅምሃል። አስፈጭተህ ከስንዴ ዱቄቱ አሥር በመቶውን ተካው። ከዚያ በላይ ከሄድክ ዳቦው አይነሳልህም፣ ይጠቁራል፣ ጥርስ ላይም ይንኮሻኮሻል። ውሃ ትንሽ ጨምርለት፣ ይመጠዋል። ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የማይስማማው ደንበኛ ከመጣ ደግሞ ስንዴውም ገብሱም ስላለበት ዳቦው እንደማይሆነው ንገረው።