ከሩጫ ወደ ብስክሌት፦ በ18 ዓመት ረፍዷል?

ከኢንስብሩክ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው። 18 ዓመትሽ ነው። 800 ሜትር ትሮጪ ነበር፤ እግርሽ ሲጎዳ ብስክሌት ጀመርሽ። አሁን ዳገት ላይ ከክለቡ ወንዶች እኩል ትወጫለሽ። «ትምህርቱን ትቼ ፕሮፌሽናል ልሁን ወይስ ረፍዶብኛል?» ብለሽኛል። አባትሽ ደግሞ ማቱራውን፣ የኦስትሪያን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ሳትጨርሺ ስለ ብስክሌት መስማት አይፈልጉም።

አልረፈደብሽም። ያለሽበት አገር ራሱ ምስክር ነው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ የጎዳና ብስክሌት ወርቅ የወሰደችው ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር፣ መጀመሪያ ትሪያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በአንድ ላይ) ትወዳደር ነበር። ተጎድታ ሙሉ በሙሉ ወደ ብስክሌት የዞረችው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ23 ዓመቷ ነው። ቫለንቲና ካቫላር በቶኪዮ ኦሎምፒክ የተወዳደረችው በጀልባ ቀዘፋ ነበር፤ በ2024 ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ሆነች። በሩጫ ያዳበርሽው ልብና ሳንባ አብሮሽ ይመጣል።

አብሮሽ የማይመጣ ነገር ግን አለ። መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ በሚነዳበት ስብስብ፣ ፔሎቶን በሚሉት ውስጥ፣ ቦታ ይዞ መቆየት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነኩ መታጠፍ። ይህ በልጅነት የሚለመድ ነገር ነው። ኪዘንሆፈርም በስብስብ ውስጥ መንዳት ትፈራ እንደነበር በግልጽ ተናግራለች። ቶኪዮ ላይ ያደረገችውን ተመልከቺ። ውድድሩ 137 ኪሎ ሜትር ነው። ገና ሲጀመር ከጥቂት ሴቶች ጋር ተነጥላ ወጣች። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር እነሱንም ትታ ብቻዋን ሄደች። ከኋላ የነበሩት ታላላቅ ስሞች ረስተዋት ነበር፤ ሁለተኛ የወጣችው ኔዘርላንዳዊት ያሸነፈች መስሏት እጇን አንስታ ገባች። እኔ ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ግን በየሳምንቱ እንዲህ ማሸነፍ አይቻልም። ስለዚህ ይህን ክረምትና በጋ ብቻሽን ዳገት ከመውጣት ይልቅ ከክለቡ ጋር በቡድን ንጂ። ትናንሽ የከተማ ውድድሮች ግቢ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም ግቢ። ከዚያ ጎን ለጎን ከሰዓት ጋር ብቻሽን የምትፎካከሪበትን ክሮኖ ሞክሪ፤ የአንቺው ክፍለ ሀገር የቲሮል ልጅ ክሪስቲና ሽቫይንበርገር በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘችው በዚሁ ነው።

አሁን ስለ ትምህርቱ። እዚህ ላይ ከአባትሽ ጎን ነኝ። ኪዘንሆፈር ወርቁን ስትወስድ ፕሮፌሽናል ኮንትራት አልነበራትም። በ2016 በሒሳብ ዶክትሬቷን ይዛለች፤ ወርቁን ስታገኝ ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን በሚገኘው ፖሊ ቴክኒክ ተመራማሪ ነበረች። ደመወዟ ከዚያ ነው። ብስክሌት ቶሎ አያበላም። ፌሊክስ ጋልን ታውቂዋለሽ፣ የምሥራቅ ቲሮል ልጅ ነው። በ2015 የታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ኩርሸቬል የሚያበቃውን የተራራ ቀን ያሸነፈው ግን በ2023 ነው። መሐል ላይ ስምንት ዓመት አለ። በ2025 ቱሩን አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሻምፒዮን ሆኖ የጀመረው ይህን ያህል ከቆየ፣ አንቺም ለራስሽ ጊዜ ስጪ።

ማቱራሽን ጨርሺ። ኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ አለ፤ ተራራው ደጅሽ ነው። እግርሽ እንደገና ቢታመም እንኳ በአሠልጣኝነት ወይም በብቃት መረጃ ትንተና ከብስክሌቱ አትርቂም። የኦስትሪያ ዜግነት ካለሽና ውጤትሽ እያደገ ከመጣ፣ የአገሪቱ ጦር ስፖርተኞችን በደመወዝ የሚይዝበት ፕሮግራም አለው፤ ለሴቶችም ክፍት ነው። መስፈርቱን ክለብሽን ጠይቂ።

ለአባትሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው፦ ሁለት የውድድር ዓመት ብቻ ይስጡሽ፣ ትምህርቱ ሳይቋረጥ። ከቻልሽ አንድ እሑድ ይዘሻቸው ሂጂና የመጨረሻው ዳገት ላይ ቆመው ይዩሽ።